ሳይዘጋጁ የተነሡ ልጆች፦ ዋግ፣ ካሜራና የሕፃን መልክ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ይልቅ ለፎቶ ቤት የቀረበ ሊመስል ይችላል። የሕፃናትን ጠባይ በፎቶግራፍ ስለ ማስቀረት ነው የምናገረው። የፎቶግራፍ መማሪያ መጻሕፍት በዚህ ላይ ከሞላ ጎደል አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ልጅ እውነተኛ ማንነቱን የሚያሳየው ካሜራውን ሲረሳ ነው ይላሉ። ስለዚህ አንሺው ከዓይኑ ቁመት ዝቅ ብሎ ይንበርከክ፣ ፈገግ በል አይበለው፣ በጨዋታው ላይ ሳለ ይጠብቀው፣ ያኔ ድንገት ያንሣው ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው። እኔም ለልጅ ልጄ ስጠቀምበት ሠርቶልኛል። ይሁን እንጂ ይህን ምክር ይዘን ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ ስንሄድ አንድ ችግር ይገጥመናል። በዚያ አገር ሳይዘጋጅ የተነሣ ልጅ ፎቶግራፍ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የጨዋታ ታሪክ አይደለም።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። እንግሊዞች ፎቶግራፍን «ይወስዳሉ»፣ «ይተኩሳሉ»፣ የሰውን ጠባይ ደግሞ «ይማርካሉ»። የእኛ አማርኛ ግን «ማንሣት» ይላል። ከዚህም አልፎ «ልጁ ፎቶ ተነሣ» ስንል አድራጊው ራሱ ልጁ ነው፤ ካሜራ የያዘው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ጨርሶ የለም። ከሰዋስው ላይ ታሪክ መሥራት አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼንም ከዚህ ልማድ እከለክላለሁ። ነገር ግን ልዩነቱን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

ሳይዘጋጅ የሚነሣ ልጅ ሐሳብ ሆኖ የመጣው ከመሣሪያው ፍጥነት ጋር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለአንድ መልክ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ በሰከንዶች፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ይቆጠር ስለነበር ልጅ ማንሣት ማለት ልጅ ማደንዘዝ ማለት ነበር። የተንቀሳቀሰ ልጅ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1900 ኮዳክ ብራውኒ የተባለችውን የአንድ ዶላር ካሜራ ሲያወጣ፣ በኋላም በ1925 ላይካ በሲኒማ ፊልም የምትሠራውን ትንሽ ካሜራ ለገበያ ስታቀርብ፣ በኪስ የሚያዝና በዓይን ቅጽበት የሚያነሣ መሣሪያ ተገኘ። ጀርመናዊው ኤሪክ ሰሎሞን በዚያው ዘመን ፖለቲከኞችን ሳያውቁት እያነሣ ስም አተረፈ። አውሮፓና አሜሪካ «ያልተዘጋጀው መልክ እውነተኛው ነው» ብለው ማመን የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። እምነቱ ከመቶ ዓመት ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የተነሣ፣ ስሙን የምናውቀው አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ አለ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ጦር በመጣበት መንገድ፣ የላስታንና የዋግን ደጋ እየነካ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ ባሕር ሲመለስ የሰባት ዓመቱ ልጅ አብሮት ነበር። ይህን አገር በጊዜው የሚገዛው ዋግሹም ጎበዜ ነበር፤ ጦሩ ያለ ችግር ማለፍ የቻለው በእርሱ ፈቃድ ጭምር ነው፤ ጥቂት ቆይቶም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ጎበዜ ለዚህ ሰልፍ መንገድ የለቀቀበት ምክንያት ለዋግ ተወላጅ እንግዳ አይደለም፤ አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን የሰቀሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በሰልፉ መካከል የሚጓዘው ሕፃን ግን የማንም ባላጋራ አልነበረም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በዚያ ጉዞ ላይ አረፉ። ልጁም በሻምበል ስፒዲ እጅ ሆኖ ባሕር ተሻገረ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በዋይት ደሴት፣ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር አንሺ ዓለማየሁን አነሣችው። ካሜሮን ሰፋፊ የመስታወት ሰሌዳዎችን ትጠቀም ነበር፤ የተቀማጩን ትዕግሥት እጅግ የሚፈትን ረጅም የብርሃን ጊዜም ትወድ ነበር። በአንዱ ምስል ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር ይታያል፤ በጽሑፉም ላይ «ባሻ ፈለቀ» በሚለው የአማርኛ ስሙ ተጠርቷል። ሁሉም ነገር የተደራጀ ነው፤ ልብሱ፣ አቀማመጡ፣ የአሳዳሪና የታዳጊ ትዕይንቱ። ልጁ ግን ለትዕይንቱ አይገብርም። ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም፣ ልቅሶም የለም፤ ዓይኑ ከክፍሉ ውስጥ ካለ ነገር ላይ ያረፈ አይመስልም። አንዳንድ ተመልካቾች ይህን «የንጉሥ ልጅ ኩራት» ይሉታል። እኔ ከሁለት ወር በፊት እናቱን ያጣ፣ ቋንቋውን የሚናገርለት ሰው በእጅ ጣት የሚቆጠርበት ልጅ እንደሆነ አያለሁ። ዓለማየሁ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ይህን ምስል የማነሣው ስለ አሟሟቱ ለማልቀስ አይደለም። ሙሉ በሙሉ የተዘጋጀ ፎቶግራፍ የልጅን ውስጥ ሊያሳይ እንደሚችል ለማስረዳት ነው። ለሰከንዶች ያህል ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ልጅ የተሰጠውን መልክ ይዞ መቆየት ይደክመዋል፤ ሲደክመውም የራሱ መልክ ይመጣል።

ወደ አገራችን የፎቶ ቤት ባህል እንምጣ። ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹን የመሳሰሉ አርመናውያን አንሺዎች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥተው በቤተ መንግሥቱና በአዲስ አበባ የመሠረቱት ልማድ ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ወረደ። በዚህ ልማድ ፎቶ መነሣት ማዕረግ ነው። ሰው ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ይነሣል። ልጅም እንዲሁ። በእኛ አስተዳደግ ጨዋ ልጅ በታላቅ ፊት ጥርሱን አያሳይም፣ ዓይኑን በሰው ዓይን ላይ አይተክልም፤ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ከዚህ ላይ የሰው ዓይን ፍርሃት አለ። ልጅዋ ሲሥቅና ሲቦርቅ እንግዳ ትኩር ብሎ ሲያየው ደስ የሚላት የዋግ እናት ብዙ አይደለችም። እንግዲህ በየግድግዳው ላይ ክንዳቸውን ግራና ቀኝ ለጥፈው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው የቆሙ ልጆች ስታዩ «ጠባያቸው አልወጣም» ለማለት አትቸኩሉ። ቀጥ ማለቱ ራሱ ቤተሰቡ ለልጁ የመረጠለት መልክ ነው።

እኔ ራሴ መጀመሪያ የተነሣሁት በ1975 ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ ለስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ነበር። አንሺው ከሌላ ከተማ መጣ፤ ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠረ። ኮት የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ያ ኮት ከጀርባ ወደ ጀርባ እየተላለፈ ዋለ። ጉርድ ፎቶግራፎቻችን ሲመጡ ያ አንድ ኮት ሃያ ያህል ልጆች ላይ አለ፤ በአንዱ ላይ ትከሻው ይወድቃል፣ በሌላው ላይ አዝራሩ አይገጥምም። ፊልም ውድ ስለሆነ ማንም ሁለቴ አይነሣም። ዓይኑን የጨፈነ ጓደኛችን ዓይኑን እንደጨፈነ ተለጠፈ፤ ፈታኙም ሲቆጣጠር «እስቲ ጨፍን» እንዳለው እስከ ዛሬ እንጫወታለን። አገጩን ከፍ ያደረገው፣ ከንፈሩን የነከሰው፣ ኮቱን ከውሰት እንዳልወሰደ ለማሳየት እጁን ደረቱ ላይ ያደረገው፣ ሁሉም በሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ሙሉ ሰው ሆኖ ቀርቷል። ያ ወረቀት ስም አለው፤ ከጀርባው የአባት ስም፣ የትምህርት ቤት፣ የቁጥር ጽሑፍ አለው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዋግን ልጅ ዓለም በሌላ ፎቶግራፍ አወቀው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ ቢቢሲ፣ የማይክል በርክን ዘገባ አስተላለፈ። ምስሉን ያነሣው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። ቦታዎቹ ኮረምና መቀሌ ናቸው። ፊልሙ በመላው ዓለም በመቶዎች በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ታየ፤ ያመጣውን እርዳታ፣ የሙዚቃ ዝግጅቱን፣ የተሰበሰበውን ገንዘብ ታውቃላችሁና አልደግመውም። የታሪክ ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ግን አለ፤ ለምን ኮረም? ኮረም ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰቆጣ ከመንገዱ የራቀች፣ በጦርነቱ ቀጠና ውስጥ ያለች ነበረች። እህል የደረሰው መንገዱ በደረሰበት ነው፤ ሰውም እህል ወዳለበት ወረደ፤ ካሜራውም መንገዱን ተከትሎ መጣ። ስለዚህ ከዋግ ተነሥቶ ቀናት የተጓዘ ቤተሰብ በሌንስ የተገናኘው ከቤቱ ርቆ ነው። ልጁ ከፍየሎቹ፣ ከጓሮው፣ ከጎረቤቱ፣ ከእርሱ ጋር ከሚጣሉትና ከሚታረቁት እኩዮቹ ተነጥሎ ነው የታየው። አንድን ልጅ ያ ልጅ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ከክፈፉ ውጭ ቀረ። በውስጡ የቀረው ሰውነቱ ብቻ ነው።

እነዚያ ምስሎች ደግሞ በፎቶግራፍ መማሪያው መለኪያ ፍጹም «ያልተዘጋጁ» ናቸው። ከቁመታቸው ዝቅ ተብሎ፣ በማለዳ ብርሃን፣ ካሜራውን በረሱበት ሰዓት የተነሡ ናቸው። ካሜራውን የረሱት ግን ለማየት ጉልበት ስላልነበራቸው ነው። እዚህ ላይ ነው የምክሩ መሠረት የሚናጋው። ዝንጉነት የነጻነት ምልክት የሚሆነው ልጁ ከፈለገ ዞር ማለት፣ እምቢ ማለት፣ ምላስ ማውጣት ሲችል ነው። ያን አቅም በተነጠቀ ልጅ ላይ ያው ዘዴ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ሞሐመድ አሚንን መውቀሴ እንዳይመስላችሁ። አሚን ባያነሣ ኖሮ የሚሞተው ሕዝብ ቁጥር ምን ይሆን እንደነበር የሚያስብ ሰው በቀላሉ አይፈርድበትም። ከዚያ በፊት የነበረውን እናውቃለንና። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ አንሥቶ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪያሳይ ድረስ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖት ነበር። የተሸፈነ ሞት ከተነሣ ሞት ይከፋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ምስሉ ሕይወት ካዳነ በኋላ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የአንድ አካባቢ ልጆች ብቸኛ መልክ ሆኖ ሲቀር ምን ይሆናል?

በ1977 ዓ.ም. የካናዳ ቴሌቪዥን ባልደረቦች መቀሌ ላይ ልትሞት ደቂቃዎች ቀርተዋታል የተባለች አንዲት ሕፃን አነሡ። ምስሉ በሐምሌው የላይቭ ኤድ ዝግጅት ላይ በሙዚቃ ታጅቦ ታየ። ሕፃኗ ግን ተረፈች። ጋዜጠኛው ብራያን ስቱዋርት ኋላ ፈልጎ አገኛት፤ ብርሃን ወልዱ ትባላለች። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ፣ ያ የሕፃንነት ምስሏ ከታየ በኋላ፣ ወጣት ሴት ሆና ቆመች። ብዙዎች በዚያ ቅጽበት አለቀሱ። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ስም እንዳላት አልጠየቀም ነበር። ስሟ ሲነገር ያ አሮጌ ምስል ተለወጠ፤ ከምልክትነት ወደ ሰውነት ተመለሰ። ፎቶግራፉ ላይ አንዲት ነጥብ አልተጨመረችም፤ የተጨመረው የግርጌ ጽሑፍ ብቻ ነው።

በዚያው የረኀብ ዘመን ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ኮረምን አነሣ። ብራዚላዊው ሳልጋዶ በብርሃን አያያዙ የተመሰገነም፣ ሰቆቃን አስውቧል ተብሎ የተተቸም ሰው ነው፤ በሁለቱም ወገን እውነት አለ ብዬ አምናለሁ። ለእኛ የሚበጀን ግን ከዓመታት በኋላ ያደረገው ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስደተኞችን እያነሣ በየአህጉሩ ሲዞር በደረሰበት ሁሉ ልጆች ይከቡትና ሥራ ያስፈቱት ነበር። በመጨረሻ ስምምነት አደረገ፤ እያንዳንዳችሁን ለየብቻ አነሣችኋለሁ፣ ከዚያ ሥራዬን እንድሠራ ትተዉኛላችሁ። ልጆቹም ተራ ገብተው አንድ በአንድ ፊቱ ቆሙ። በግርግሩ ውስጥ ይንጫጫ የነበረው ልጅ ብቻውን ካሜራ ፊት ሲቆም በድንገት ይረጋል፤ ራሱን ያቀርባል። ከዚህ የተገኙት ምስሎች እ.ኤ.አ. በ2000 ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆኑ። ሳልጋዶን ካነሣሁ አይቀር ፍርዴን ልናገር፤ ከታላላቆቹ የሕዝብ ሰልፍ ምስሎቹ ይልቅ እነዚህን አስበልጣለሁ። ልጆቹ «ተነሥተዋል»፤ በአማርኛው ፍች። መነሣቱን የፈለጉት እነርሱ ናቸው፤ አቋቋሙንም የመረጡት እነርሱ ናቸው። የእኔን የክፍል ጓደኞች ከነውሰት ኮታቸው ያስታውሱኛል።

አሁን ወዳለንበት ዘመን። የዋግ ልጆች ዛሬ በብዛት የሚነሡበት ወቅት ሻደይ ነው። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ረጅሙን የሻደይ ቅጠል ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ጥልፍ ለብሰው፣ ተኩለው፣ ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ፤ እስከ ነሐሴ 21 ድረስ ሰቆጣና አካባቢዋ በእነርሱ ድምፅ ይሞላል። ለካሜራ ይህ ብርቅ ነገር ነው። ከሩቅ የሚመጣ ባለ ሙያም፣ ስልክ የያዘ ወጣትም ይረባረባል። እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነጥብ ልጨምር፤ ለታሪክ ሰው ይጠቅማልና። ካሜራ ከፊቱ ያለውን ብርሃን ለክቶ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ነው የተሠራው። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ክፈፉን ሲሞላው መሣሪያው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ያኔ ልብሱ ጥሩ ሆኖ ይወጣል፣ ፊቱ ይጨልማል። የቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት ደግሞ ዓይን በጥላ ይሸፈናል። በየቢሮው ግድግዳና በየቀን መቁጠሪያው የምታዩአቸው ብዙ የሻደይ ምስሎች ጥልፉን ክር በክር እያሳዩ የልጅቷን ፊት የማያሳዩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንሺው በእጁ ብርሃኑን ለፊቷ ካላስተካከለ፣ ወይም እስኪመሽ ካልጠበቀ፣ መሣሪያው ራሱ ባህሉን ከባለቤቷ ይመርጣል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ለጊዜው እጅግ የሠለጠነ ድንጋጌ ነው። አንቀጽ 28 ግን በአደባባይ ከሚደረጉ ሥነ ሥርዓቶች ጋር የተያያዘ ምስልን ከፈቃዱ ነጻ ያደርጋል። ሻደይ የአደባባይ ሥነ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ልጃገረዷ በጓሮዋ ስትሆን ሕጉ ይጠብቃታል፤ ካሜራ በሚበዛበት በዚያ ሳምንት ግን ጥበቃው ይላላል። የሕግ ባልደረቦቼ ጨፋሪዎቹን በአጠቃላይ ማንሣትና የአንዲትን ሕፃን ፊት ለይቶ ማስታወቂያ ማድረግ አንድ አይደለም ብለው ይከራከሩ ይሆናል። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ሌላም የምስል ዓይነት አለ፤ ይህኛው አሁን እየበዛ ያለ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። የከተማዋ ስም ከረኀብ ጋር ተያይዞ መኖሩ ነው ለዚህ ያስመረጣት። ዓላማው ከልብ የሚደገፍ ነው። በሪፖርቶቹ ውስጥ ግን የዋግ ሕፃን እንደገና እንዴት እንደሚታይ አስተውሉ፤ በቁመት መለኪያ ሰሌዳ ላይ የተጋደመ፣ ወይም ባለ ቀለም መለኪያ የተጠመጠመበት አንድ ክንድ። ብዙ ጊዜ ፊት የለም። ፊት አለማሳየት የልጁን ምስጢር ለመጠበቅ ሊሆን ይችላል፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን በአንድ በኩል ፊቱ የጨለመ ጥልፍ ለባሽ፣ በሌላ በኩል ፊት የሌለው ክንድ፤ በሁለቱ መካከል ስታኮርፍ፣ ስታሾፍ፣ ወንድሟን ስትመታ፣ ፍየል ስታባርር የምትገኝ አንዲት የተወሰነች ልጅ የት አለች? በቤተሰቧ ስልክ ውስጥ አለች። ዛሬ በሰቆጣ ከተማ እናቶችና ታላላቅ እኅቶች በየቀኑ የሚያነሡት፣ ስልኩ ሲሰበር አብሮ የሚጠፋው ምስል፣ ከአካባቢው የሕፃንነት ታሪክ ሁሉ የሚበልጠው ሰነድ ነው። እርሱን የሚያነሣው እጅ ልጅቷ የምታውቀው እጅ ነው፤ እምቢ ማለት የምትችለው፣ «አሳዪኝ» ብላ የምትነጥቀው እጅ ነው። ያልተዘጋጀ መልክ በዋግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፍርሃት የተገኘው እዚህ ይመስለኛል።

ለዚህ ዓመት የመስክ ሥራ ወደ ሰቆጣ የምትወርዱ ተማሪዎች ባለፈው ሳምንት የጠየቃችሁኝ ነገር አልተፈታም። ለምስሉ ስም እንጻፍ ወይስ አንጻፍ? የብርሃን ወልዱ ታሪክ ጻፉ ይላል። የዘመኑ መረብ ደግሞ የሕፃን ስም፣ ፊትና ቀበሌ በአንድነት መውጣቱ ምን እንደሚያስከትል ያስጠነቅቃል። ለጊዜው የያዝነው መንገድ ይህ ነው፤ ስሙ፣ የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ ቃል በመዝገቡ ውስጥ ይጻፋል፣ መዝገቡ በትምህርት ክፍሉ ይቀመጣል፣ ለሕዝብ በሚቀርበው ላይ ግን ቤተሰቡ የወሰነው ብቻ ይወጣል። የታተመ አንድ ቅጂም ለቤቱ ይመለሳል፤ ለዚህ የሚሆን በጀት ከባልደረቦቼ ጋር እየጠየቅን ነው። ልጁ አድጎ አሥራ ስምንት ሲሞላው ሐሳቡን ቢለውጥ ምን እናደርጋለን የሚለውን ገና አልወሰንም።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።